ኤፍ ሻርፕን ለኔቲቭ ኤኦቲ ያመቻቸሁበት መንገድ

በቡሬ ዙሪያ የበቆሎና የስንዴ ርክክብ የሚመዘገብበትን ፕሮግራም በኤፍ ሻርፕ የፕሮግራም ቋንቋ ስጽፍ፣ በየመጋዘኑ ያሉት ኮምፒውተሮች አሮጌ መሆናቸውንና መብራቱም ኢንተርኔቱም እንደሚቆራረጥ አውቅ ነበር። ስለዚህ በየኮምፒውተሩ ዶትኔትን (የኤፍ ሻርፕ ፕሮግራሞች የሚሠሩበትን የማይክሮሶፍት መድረክ) ከመጫን ይልቅ፣ ፕሮግራሙ ገና ሲገነባ ወደ ማሽን ኮድ ተቀይሮ አንድ ፋይል ሆኖ በፍላሽ እንዲሄድ ወሰንሁ። ኔቲቭ ኤኦቲ የሚባለው ይህ አሠራር በ2022 እ.ኤ.አ. ከዶትኔት 7 ጋር የወጣ ሲሆን፣ ኤፍ ሻርፕ ግን ከ2005 ጀምሮ የነበረ ቋንቋ ነው።

ብዙ ሰው ኤፍ ሻርፕን ከኔቲቭ ኤኦቲ ጋር ለማስማማት ያለው ችግር ከቋንቋው ፋንክሽናልነት (ሥራን በፋንክሽኖች ከማቀናበሩ) የሚመጣ ይመስለዋል፤ እንዲያ አይደለም። ዩኒየኑ (አማራጮችን የሚዘረዝረው የዳታ ዓይነት)፣ ሬከርዱ (መስኮችን በአንድ የሚያሰባስበው) እና ፓተርን ማቺንጉ (እንደ ዳታው ቅርጽ መልስ የሚመርጠው) ያለ እንከን አልፈዋል። ዶትኔት የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ስለማያውቅ ራሴ የጻፍሁት የቀን መቀየሪያም ከሂሳብ በቀር ምንም ስለሌለበት አንድ ማስጠንቀቂያ እንኳ አላስነሣም። ያስቸገረው ሪፍሌክሽን፣ ማለትም ፕሮግራሙ እየሠራ የራሱን ኮድ የሚመረምርበት መንገድ ነው። ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ኮድ የሚቀይረው ፕሮግራም) ጥቅም ላይ መዋሉን ያላየውን ኮድ ቆርጦ ስለሚጥል፣ ፕሮግራሙ እየሠራ ስለ ራሱ ታይፖች (የዳታ ዓይነቶች) ሲጠይቅ መልስ ላያገኝ ይችላል።

ደረሰኙን ልጥቀስ። የእህሉን ዓይነት አትም የነበረው ጽሑፍ በሚያዘጋጀው ስፕሪንትኤፍ ፋንክሽን፣ በፐርሰንት ኤ (%A) ፎርማት ሲሆን፣ ይህ ፎርማት ስሙን የሚያገኘው በሪፍሌክሽን ነው። በምትኩ እያንዳንዱን እህል በማች (በፓተርን ማቺንጉ ትእዛዝ) ዘርዝሮ ስሙን የሚመልስ አጭር ፋንክሽን ጻፍሁ። በኋላ ዳጉሳ ሲጨመር ኮምፓይለሩ በኤፍኤስ0025 ማስጠንቀቂያ የቀረውን ቦታ ስላመለከተኝ፣ አዲሱ ኮድ ከቀድሞው ይሻላል ባይ ነኝ። ጄሰኑ (ዳታ በጽሑፍ የሚቀመጥበት ቅርጽ) ከዚህ የከበደ ሥራ ነበረው፤ ያለ ሪፍሌክሽን የሚሠራ የጄሰን ኮድ የሚያዘጋጀው የዶትኔቱ ሶርስ ጄነሬተር ለሲ ሻርፕ (ለሌላው የዶትኔት ቋንቋ) እንጂ ለኤፍ ሻርፕ ኮድ ስለማያመነጭ፣ እያንዳንዱን መስክ ዩቲኤፍ8 ጄሰን ራይተር በተባለው የዶትኔት መሣሪያ በእጄ ጻፍሁ። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን የተደበቀ ነገር የለበትም።

ለሚሞክር ሰው አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ሲ ሻርፕ ጸሐፊዎች ኮድ እየጻፉ የሚያዩትን የኤኦቲ ማስጠንቀቂያ እኛ የኤፍ ሻርፕ ጸሐፊዎች የምናየው ፐብሊሽ ስናደርግ (የመጨረሻውን ፋይል ስናወጣ) ብቻ ነው፤ የላይብረሪዎቹም ማስጠንቀቂያዎች አይኤል2104 እና አይኤል3053 በሚሉ ጥቅል መልእክቶች ተሸፍነው ይቀርባሉ። ትሪመር ሲንግል ዋርን የሚለውን ቅንብር ወደ ፎልስ ቀይሮ ዝርዝሩን ማስወጣትና ማስጠንቀቂያውን እንደ ስህተት ማስቆጠር ይገባል። ዶትኔት ራን የሚለው ትእዛዝ በተለመደው ጂት (ፕሮግራሙ እየሠራ ኮዱን ወደ ማሽን ኮድ በሚቀይረው አሠራር) ስለሚያስኬድ በእሱ መተማመን አይቻልም፤ መፈተን ያለበት ፐብሊሽ የተደረገው ፋይል ራሱ ነው። የዊንዶውሱን ፋይል መገንባት የሚቻለውም የሲ ፕላስ ፕላስ መሣሪያዎች በተጫኑበት ዊንዶውስ ላይ ስለሆነ፣ በሊኑክስ ላፕቶፕ የሚሠራ ሰው ለዚህ ሌላ ማሽን ማዘጋጀት ይኖርበታል።