ካያክ ስንጭን ከባዱ ዕቃ የት ይቀመጥ?

በካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ በሚሄድ ጠባብና ረጅም ጀልባ፣ ሄደን ደሴት ላይ አድረን እንደምንመለስ ሳወራ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ያ ሁሉ ዕቃ የት ይገባል?» ይገባል። ድንኳኑም፣ መኝታውም፣ ድስቱም፣ ቡናውም ይገባል። እኔን ከቦታው በላይ የሚያሳስበኝ ክብደቱ ነው። ከባዱ ዕቃ የት ተቀመጠ? ቀላሉስ? ካያክ ውሃ ላይ የሚያሳየው ጠባይ በአብዛኛው የሚወሰነው ገና ዳርቻ ላይ ሲጫን ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ አጫጫን ልጻፍ። በተለይ መጀመር አስባችሁ ለምትጠይቁኝ ወዳጆቼ።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ሲያትል ነው። ፒዩጀት ሳውንድ የሚባለው ወደ የብስ ዘልቆ የገባ ባሕር ደጃችን ላይ ነው። እዚህ ከ1993 ጀምሮ ካስኬዲያ ማሪን ትሬይል የሚባል የውሃ መንገድ አለ። ከደቡብ፣ ከኦሊምፒያ አካባቢ ተነስቶ እስከ ካናዳ ድንበር ይዘልቃል። በየዳርቻው ማደሪያ ቦታዎች አሉት። በጣም ደስ የሚለኝ ቦታዎቹ እየቀዘፈ ወይም በሸራ ለሚመጣ ሰው የተለዩ መሆናቸው ነው። በሞተር ጀልባ የመጣ ሰው ሌላ ማደሪያ ይፈልጋል።

ለጀማሪ የምመክረው ብሌክ ደሴትን ነው። የዋሽንግተን ስቴት ፓርክ ነው። ድልድይ የለውም፣ ሰውና መኪና የሚያሻግረው የስቴቱ መርከብ፣ ፌሪውም፣ አይቆምበትም። እዚሁ ዋሽንግተን ካለችው ማንቸስተር (የእንግሊዟ አይደለችም) ብትነሱ 2 ማይል ገደማ ነው። ግን ቅርብ ነው ብላችሁ አትናቁት። ትልልቅ መርከቦችና ፌሪዎች አልፈው ሲሄዱ ሞገድ ይልካሉ። ውሃውም በሰመር እንኳ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ መውደቅ ቀልድ አይደለም። ላይፍ ጃኬት፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ፣ ከዳርቻ እስከ ዳርቻ አይወልቅም። የሚዛንን ነገር አጥብቄ የማነሳውም ለዚህ ነው።

የእኔ ካያክ 16 ጫማ ርዝመት አለው። ባዶውን 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ክዳን ያላቸው ሦስት የዕቃ ክፍሎች አሉት። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ ሦስተኛው ትንሹ ከመቀመጫው ጀርባ። በየክፍሉ መካከል ውሃ የማያሳልፍ ግድግዳ አለ። የፊተኛው ክዳን ክብ ነው፣ 24 ሴንቲ ሜትር ብቻ። በዚያ ቀዳዳ ትልቅ ሻንጣ አይገባም። እጅም በግድ ነው የሚገባው።

ዋናው ሕግ አጭር ነው። ከባዱ ዕቃ ወደ መሐል፣ ወደ ታች። ቀላሉ ወደ ጫፍ። ውሃ፣ ምግብ፣ ምድጃና ድስት ከሰውነቴ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ ይተኛሉ። ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) እና ልብስ ወደ ጫፎቹ ይሄዳሉ። ጫፎቹ ከከበዱ ካያኩ ሞገድ ሲመጣ ቶሎ ቀና አይልም፤ አፍንጫውን ውሃ ውስጥ ይቀብራል። ለመዞርም ያስቸግራል።

ከዚያ የፊትና የኋላ ሚዛን አለ። ፊቱ ከከበደ ኋላው ከውሃ ብድግ ይላል። የጎን ነፋስ ሲመጣ የቀለለውን ኋላ ይገፋዋል፣ ካያኩም ፊቱን ወደ ነፋሱ ያዞራል። ቀኑን ሙሉ በአንድ እጅ እየታገላችሁ ትመልሱታላችሁ። ኋላው ከመጠን በላይ ሲከብድ ደግሞ ነፋሱ የቀለለውን ፊት ይዞት ይሄዳል። ወደ ነፋሱ መዞር ብትፈልጉ እንኳ እምቢ ይላችኋል። እኔ ኋላው በጣም ትንሽ ከበድ ቢል እመርጣለሁ። ፊቱ ከሚከብድ ያ ይሻላል።

የግራና የቀኙን ማስረዳት አያስፈልገኝም። አህያ የጫነ ወይም ሲጫን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ አንዱ ጎን ከከበደ ጭነቱ መንገድ ላይ ይዞራል። ስለዚህ ውሃውን በሁለት ለስላሳ ከረጢት እከፍለዋለሁ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር እይዛለሁ። አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ከጭነቱ ሁሉ ከባዱ ውሃው መሆኑን አትርሱ። ዙሪያችሁ ያለው ባሕር ጨው ነው፣ በተራ ማጣሪያ ተጣርቶም አይጠጣም።

ስለ ከረጢት ደግሞ አንድ ነገር ላጥብቅ። ትልቅ ድራይ ባግ፣ ማለትም ውሃ የማያስገባ ከረጢት፣ አትግዙ። ሱቅ ውስጥ 40 ሊትሩ ያምራል፣ ካያክ ውስጥ ግን አይታጠፍም፣ አይጠማዘዝም። 5 እና 10 ሊትር የሚይዙ ብዙ ትንንሾች ይሻላሉ። ለጫፎቹ አንድ ጎኑ ሾጠጥ ያለ ይፈለጋል። አየሩን አስወጥታችሁ አፉን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ጠቅልሉት። ድንኳኑንም በአንድ ላይ አትያዙት። ጨርቁ ለብቻው፣ ዘንጎቹ ለብቻቸው። ዘንጎቹን ከኋላ ክፍል ውስጥ፣ የስኬጉ ሳጥን አጠገብ አሾልካቸዋለሁ። ስኬግ የምለው ከሥር ወደ ውሃ የሚወርደውን ትንሽ ክንፍ ነው። ቦታው ጠባብና ረጅም ስለሆነ ከዘንግ ሌላ ምንም አይገባበትም። በመጨረሻ ክፍተቱን ሁሉ በካልሲም በነጠላ ጫማም ሙሉት። ውስጥ የሚንሸራተት ነገር ካለ ሚዛኑ በየሞገዱ ይለዋወጣል።

ካያካችሁ ላይ ኮምፓስ ከተገጠመ፣ ብረት ነገር ከሥሩ አታስቀምጡ። ምድጃና ቆርቆሮ መርፌውን ያሳስቱታል። ጭጋግ ሲወርድ ያ መርፌ ብቻ ነው የሚቀራችሁ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ፤ ስንቅ።

እዚህ የካምፒንግ ሱቆች በፕላስቲክ የታሸገ ደረቅ ምግብ ይሸጣሉ። ዋጋው ውድ ነው፣ ጣዕሙም አይደንቅም። እኛ እኮ ለመንገድ ምግብ ማዘጋጀትን ከጥንት ጀምሮ እናውቅበታለን። በሶ አለ። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ነው፣ እሳት አይፈልግም። በውሃና በጨው ወይም በማር በጥብጦ መጠጣት ነው። ዝናብ እየዘነበ ምድጃ መለኮስ ሲያቅት በሶ ራት ይሆናል። ጭኮ አለ። ቅቤው ውስጡ ስለሆነ ትንሹ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፣ በብርድ ቦታ ደግሞ የሚፈለገው እሱ ነው። ቆሎ ከመቀመጫዬ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ አይጠፋም። ለውዝ የበዛበት ቢሆን እመርጣለሁ።

ማታ የምንበላው የቋንጣ ፍርፍር ነው። ድርቆሹን ቤት አዘጋጃለሁ። እንጀራው ሲደርቅ ውሃው ስለሚወጣ ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፤ ቢሰባበርም ግድ የለም፣ ያው ለፍርፍር ነው። ቋንጣው ደረቅ ነው። በርበሬና ንጥር ቅቤ በትንሽ ክዳናማ ዕቃ፣ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ አለቀ። በአንድ ድስት ይሠራል። ሽታው ግን ዳርቻውን ሙሉ ነው የሚያዳርሰው። ከጎናችን ድንኳን የተከሉ ሰዎች መጥተው ጠይቀውን አብረውን በልተው ያውቃሉ።

ጀበናም ይሄዳል። ትንሹ። በሱፍ ሹራቤ ተጠቅልሎ ድስቱ ውስጥ ይገባል፣ ድስቱ ከመቀመጫው ኋላ። ቡናውን ቤት ቆልቼ ፈጭቼ ነው የምይዘው። ጠዋት ባሕር ዳር ተቀምጦ ቡና ማፍላት ለእኔ የጉዞው ግማሽ ነው፤ ለእሱ ቦታ አላጣም።

ጋቢ ግን ቤት ይቀራል። ይህን ስል ቅር እንደሚላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም ጋቢ እወዳለሁ። ጥጥ ነው፤ ከረጠበ ይከብዳል፣ ሙቀቱም ይጠፋል፣ በዚህ አየር ደግሞ በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ሱፍና ፍሊስ (ቶሎ የሚደርቅ ሰው ሠራሽ ሙቅ ጨርቅ) ያዙ። የማታውን ደረቅ ልብስ በሁለት ከረጢት ደርቡት።

ከላይ፣ በካያኩ ጀርባ ላይ፣ ብዙ ዕቃ በገመድ አትሰሩ። እዚያ የሚታሰር ዕቃ ክብደቱን ወደ ላይ ይስባል፣ ነፋስም ይይዛል። ከወደቃችሁ ደግሞ ተመልሶ ለመውጣት እንቅፋት ነው። ትርፍ መቅዘፊያ፣ ውሃ መምጠጫ ፓምፕ፣ ካርታ፤ ይበቃል። ፊሽካና ሬዲዮ ግን ካያኩ ላይ ሳይሆን ላይፍ ጃኬታችሁ ላይ ይሁኑ። ካያኩ ከእጃችሁ ቢያመልጥ እነሱ አብረዋችሁ መቅረት አለባቸው።

ከመኪና እስከ ውሃ ያለውን መንገድ አይኪያ የሚባለው የቤት ዕቃ ሱቅ በሚሸጠው ትልቅ ሰማያዊ ከረጢት ነው የምንወጣው። ትንንሾቹን ድራይ ባጎች ሁሉ እሱ ውስጥ ጥሎ መሄድ ነው። ካያኩን ባዶውን ውሃው ጠርዝ አድርሱትና እዚያ ጫኑት። የተጫነውን ለሁለት ማንሳት ወገብም ካያክም ይጎዳል። ጭናችሁ ስትጨርሱ ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ አንሳፉት፣ ተቀመጡበት፣ ጓደኛችሁ ከጎን ይይ። ፊቱ ወይም ኋላው ያዘነበለ እንደሆነ አንድ የውሃ ከረጢት ማዘዋወር ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።

ደሴቱ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛው ራኩን የሚባለው ትንሽ የዱር እንስሳ ነው። ማታ ይመጣል፣ እጁ ቀልጣፋ ነው፣ የጨርቅ ከረጢት ይቀድዳል። ምግብ በጠንካራ፣ በሚጠመዘዝ ክዳን ዕቃ ይቀመጥ፤ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ፍርፋሪ እንኳ አይግባ። ሁለተኛው ባሕሩ ራሱ ነው። እዚህ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ልዩነቱ አንዳንድ ቀን ከ3 ሜትር በላይ ነው። ከሰዓት ርቆ ያያችሁት ውሃ ሌሊት ደጃችሁ ይደርሳል። ግንድና የባሕር ሣር ተሰልፎ ከቀረበት መስመር በላይ ካያኩን ጎትታችሁ እሰሩት። ባለቤቴ ከመተኛቱ በፊት ገመዱን ሄዶ ይነካካል፣ እኔ ደግሞ ከሱ ኋላ።

ለመመለስ ስትጭኑ ደግሞ ትናንት የነበረው ቦታ አይሠራም። ውሃው ተጠጥቷል፣ ምግቡ ተበልቷል፣ ስለዚህ መሐሉ ቀሏል። ድንኳኑ በጤዛ ረጥቦ ከብዷል። ጫፍ ላይ የነበረውን የድንኳን ጨርቅ እኔ ከመቀመጫው ኋላ፣ ውሃው በነበረበት ቦታ አስገባዋለሁ፣ ወደ ጫፉ ልብስ ይሄዳል። ከዚያ ካያኩን እንደገና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ አንሳፍፌ ባለቤቴ ከጎን ያየዋል። የሱንም እኔ አያለሁ።