መቶ በመቶ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፏል፤ የእማዬን ሽፋሽፍት እቆጥራለሁ። የቀኝ ዓይኗን የላይኛውን ቆብ ብቻ ይዤ አርባ ስድስት ላይ ስደርስ ተምታታብኝና እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። የሽፋሽፍቷ ቁጥር ለእኔም ሆነ ለእሷ ምንም አይፈይድም። የምቆጥረው ስለሚቆጠር ብቻ ነው። ምስሉ ኮምፒውተሩ ላይ «መቶ በመቶ» በሚባለው እይታ ተከፍቷል፤ አንዱ የምስሉ ነጥብ በአንዱ የስክሪኑ ነጥብ ላይ ልክ የሚያርፍበት እይታ ነው። ፊቷ በሙሉ አይታይም። የሚታየው አንድ ዓይን፣ የቅንድቧ ጫፍና ከጎኑ የተጋደመ አንድ ሽበት ነው።

ይህን ካሜራ ይዤ ቤት የገባሁ ቀን ታላቅ እህቴ ካርቶኑን ስከፍት ቆማ ታየኝ ነበር።

«የድሮው ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም።»

«ተበላሸ?»

«አልተበላሸም።»

«እና?»

ለ«እና?» ያዘጋጀሁት መልስ አልነበረኝም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። የድሮው ካሜራዬ 12 ሚሊዮን ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚገነባባቸው ነጥቦች፣ ነበረው፤ አሥር ዓመት አገልግሎኛል። የመያዣው ጎማ ሁለት ጊዜ ተላጦ ሁለት ጊዜ በሙጫ መልሼዋለሁ፤ ቁልፎቹ የት እንዳሉ ጣቶቼ በጨለማም ያውቁታል። በአሥር ዓመት ውስጥ ካነሳሁት ፎቶ ፊት ቆሞ «ነጥቡ አነሰ» ያለኝ አንድ ሰው የለም። እኔም ብሆን አላልኩም፤ አንድ ቀን ማታ ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው እስካይ ድረስ ማለቴ ነው። ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት፣ ሁለት የተለያዩ ካሜራዎች። በአንደኛው ምስል በሩቅ የተሰቀለ ሰሌዳ ላይ ያለው ጽሑፍ ደብዝዟል፤ በሌላው ይነበባል። በሕይወቴ የሩቅ ሰሌዳ የማንበብ ጉጉት ኖሮኝ አያውቅም። ከዚያች ማታ በኋላ ግን የማይነበበው ሰሌዳ እንቅልፍ ነሳኝ።

አዲስ ግዛ የሚለው ፈተና ብልሃቱ አንድ ቁጥር መሆኑ ይመስለኛል። የብርሃን አያያዝን፣ የቀለም ስሜትን፣ ካሜራው በእጅ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ በቁጥር መናገር ይከብዳል። የነጥብ ብዛት ግን ሕፃንም ያወዳድረዋል፤ የሚበልጠው ይበልጣል። የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው ዲጂታል ካሜራ 10 ሺህ ነጥብ ብቻ ነበረው፤ አንዱን ጥቁርና ነጭ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳትም 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ኒኮን በ2008 በ12 ሚሊዮን ያቀረበውን ዲ700፣ በ2012 በ36 ሚሊዮኑ ዲ800 አስከተለው። ካነን በ2015 ሃምሳ ሚሊዮንን አለፈ፤ ፉጂፊልም በ2019፣ ሴንሰሩ፣ ብርሃን የሚቀበለው ገጹ፣ ተለቅ ባለ ካሜራ፣ 102 ሚሊዮን ደረሰ። አዲሱ ቁጥር በተሰማ ማግስት ትናንት ያስደነቀው ያረጃል። ዕቃው ያው ነው፤ ጠዋት ሲነሱ ግን አሮጌ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ሁሉ ሳላውቅ ገዛሁ ብል ደግ ነበር። አውቅ ነበር። ከድሮው 12 ሚሊዮን ወደ አዲሱ ካሜራዬ 61 ሚሊዮን ሲኬድ ቁጥሩ አምስት እጥፍ ያድጋል፤ ነጥቦቹ ግን የሚደረደሩት በወርድም በቁመትም ነውና የምስሉ ወርድ የሚያድገው ከ4,256 ወደ 9,504 ነው፤ ከሁለት እጥፍ ጥቂት ቢያልፍ ነው። ያም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የታየ አይደለም። እያንዳንዱ ነጥብ የሚቀበለው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቦቹ ቀይ፣ ሩቦቹ ሰማያዊ። ብራይስ ቤየር የተባለ ሌላ የኮዳክ ሰው በ1976 የፈጠራ መብት ያገኘበት አሠራር ነው፤ ዛሬም አብዛኞቹ ካሜራዎች በዚሁ ይሠራሉ። የጎደሉትን ሁለት ቀለሞች ካሜራው ከጎረቤቶቹ ነጥቦች አስልቶ ይሞላል። እንግዲህ የእማዬን ከንፈር ቅላት ያዩት 61 ሚሊዮኑ አይደሉም፤ 15 ሚሊዮን ያህሉ ናቸው። ይህንን ስሌት ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ከሥሩ አስምሬ፣ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ሄጄ ገዛሁ።

የካሜራው ዋጋ ደግሞ ለካ ቀብድ ኖሯል። የድሮ ሌንሶቼ ከአዲሱ ሴንሰር ጋር ሲገናኙ ጠርዛቸው ላይ ያለው ድክመት ተገለጠ፤ ሁለቱን ሸጬ፣ ለሌላ ጉዳይ ያስቀመጥኩትን ጨምሬ አንድ ገዛሁ። ያልተጨመቀው ጥሬ ፋይል፣ ካሜራው የተቀበለውን ሳያስተካክል የሚያስቀምጥበት፣ ለአንዱ ፎቶ 120 ሜጋባይት ገደማ ነው። አንድ ከሰዓት ወጥቼ አራት መቶ ካነሳሁ 48 ጊጋባይት ይዤ እመለሳለሁ፤ አንድ ሃርድ ዲስክ ቢሞትስ ብዬ ሁለት ቦታ ስገለብጠው 96 ይሆናል። አንዱን ምስል ለማረም ስከፍተው ከኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ 366 ሜጋባይት ይወስዳል፤ በላዩ አንድ ንብርብር ስጨምር ሌላ 366። የኮምፒውተሬ ማራገቢያ ሊነሳ እንደተዘጋጀ አውሮፕላን ይጮሃል። እህቴ ከወዲያኛው ክፍል ሆና «ደግሞ ምን እየፈጨህ ነው?» ትለኛለች። ኮምፒውተሩም ተራውን እየጠበቀ መሆኑ ገብቶኛል።

ገንዘቡ ግን ይቅር። የገረመኝ እጄ ነው። በ50 ሚሊሜትር ሌንስ በሰከንድ 1/50 ፍጥነት ካነሳህ አይንቀጠቀጥብህም የሚለውን የድሮ ብሂል ዓመታት አክብሬ ኖሬአለሁ። አሁን በዚያው ፍጥነት ያነሳሁትን ሳጎላ ሁሉም ነገር ወደ ጎን የተላሰ ይመስላል። ትንፋሼን ይዤ አነሳሁ፤ የልብ ትርታዬ ገባበት። ትራይፖድ፣ ባለሦስት እግር መቆሚያ፣ ላይ ሰቀልኩት፤ ወለሉ ላይ ሰው አለፈ። የሌንሱ ቀዳዳም እንዲሁ ከዳኝ። ከቅርብ እስከ ሩቅ ያለው ሁሉ እንዲጠራ ስፈልግ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 11 ማጥበብ ልማዴ ነበር። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፤ በኤፍ 11 አንዲት የብርሃን ነጥብ ወደ 15 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የምትጠጋ ክብ ሆና ታርፋለች። የድሮው ካሜራዬ አንዱ ፒክስል 8.5 ማይክሮን ስፋት ነበረው፤ ክቡ ሁለት ፒክስል ሳይሞላ ያልቃል። አዲሱ 3.8 ነው፤ ያው ክብ አራት ፒክስል ላይ ይንሰራፋል። ሁለቱን ፎቶዎች እኩል መጠን አትሜ ባስቀምጣቸው አዲሱ በምንም አያንስም። በስክሪኑ ላይ ግን ብዥታው ይታየኛል፤ ካየሁት በኋላ ደግሞ እንዳላየሁ መሆን አልችልም።

ብዥታ ፈላጊ ሆንኩ። ከቤት ወጥቼ ስመለስ ፎቶዎቹን አላይም ነበር፤ እመረምራለሁ። ስክሪኔ 1,920 በ1,080 ነው፤ መቶ በመቶ ስከፍት በአንድ ጊዜ የማየው የምስሉን ሠላሳኛ እጅ ነው። በዚያች ሠላሳኛ ላይ እፈርዳለሁ። ዓይን ጠርቷል? ይቆይ። አልጠራም? ይሰረዝ። አቤት የለ፣ ይግባኝ የለ።

በዚህ ፍርድ ከሄዱት አንዷን አልረሳትም። የእህቴ ልጅ ከደረጃው ሦስተኛ እርከን ላይ ስትዘል ነው፤ ሁለቱም እግሮቿ አየር ላይ ናቸው፣ አንዱ ጫማዋ ወልቆ ከእሷ ቀድሞ ይወርዳል፣ አፏ እስከ ጥግ ተከፍቷል። ፎከሱ ያረፈው ከኋላዋ ባለው የበር መቃን ላይ ነበር። የመቃኑ የእንጨት ጭረት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የልጅቷ ፊት ለስለስ ብሏል። ሰረዝኩት። ከሳምንት በኋላ እህቴ ጠየቀችኝ። «ያቺ ጫማዋ የወለቀባት የታለች? በካሜራው ጀርባ ያሳየኸኝ። ላሠራት ብዬ ነበር።» አልጠራችም አልኳት። «ምኗ?» አለችኝ። ፊቷ አልኩ። እህቴ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና፣ «እኔ እኮ አውቃት ነበር» አለች።

ካሜራውን ሁሉ ጥፋት ላሸክመው አልፈልግም፤ ጥፋቱ ካለ ከኋላው ቆሞ የሚያጎላው ሰው ነው። ደግሞ ያስደሰተኝ ጊዜ አለ። አያቴ በእጃቸው የጻፉበት ደብተር ቀለሙ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ነው፤ በዓይን አንዳንድ መስመር ጭራሽ ጠፍቷል። አንድ ቀን በመብራት ከጎን እያበራሁ ገጽ በገጽ አነሳሁት። ሳጎላው ቀለሙ የጠፋበት ቦታ ላይ የብዕሩ ጫፍ ወረቀቱን የቦረቦረው ጎድጓዳ ጥላ ጥሎ ታየኝ፤ ጥላውን ተከትዬ አንድ ዓረፍተ ነገር አነበብኩ። የብድር ሂሳብ ነበር፤ ማን ምን ያህል እንደቀረበት። ከጉዳዩ ተራነት የተነሳ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሆኖም እንደዚያች ቀን የረካሁበት ከሰዓት ጥቂት ነው። ጥንታዊ ጽሑፍ ለሚያስቀምጥ፣ ካርታ ለሚያነሳ፣ ግድግዳ የሚያክል ፎቶ ለሚያትም ሰው ነጥቡ ቅንጦት አይሆንም። እኔ ግን ግድግዳ የሚያክል ፎቶ አትሜ አላውቅም። ትልቁ ያተምኩት ከአንድ ገጽ ወረቀት አይበልጥም፤ ለዚያ በጥሩ ጥራት 9 ሚሊዮን ነጥብ ይበቃል። የድሮው ካሜራዬ ይተርፈው ነበር።

ወደ እማዬ ልመለስ። ባለፈው እሑድ ከመስኮቱ ጎን ወንበር አድርጌ አስቀመጥኳት። ትራይፖድ፣ የርቀት መቆጣጠሪያ፣ አዲሱ ሌንስ፣ ሁሉም ተሰናዳ። «ትንሽ ወደ ግራ»፣ «አገጭሽን ዝቅ»፣ «አትተንፍሺ» ስላት አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። መጀመሪያ ላይ ታወራኝ ነበር፤ ሳልመልስላት ስቀር ዝም አለች። ስንጨርስ በኩራት ጠርቼ ስክሪኑ ላይ መቶ በመቶ ከፍቼ አሳየኋት። የጉንጯ ቀዳዳዎች፣ በዓይኗ ሥር ያለው መስመር፣ ከላይ ከንፈሯ ላይ ያለው ስስ ጸጉር፣ ከልብሷ የተመዘዘ አንድ ክር። ጎንበስ ብላ አየችና ቀና አለች።

«እኔ ያሳደግኩት ፎቶ አንሺ ነው ወይስ ሐኪም?» አለችኝና ወጣች።

ሌሊቱን ለእሷ የሚሆን አንድ ልመርጥ ተቀመጥኩ፤ ሽፋሽፍት ቆጠራ የገባሁትም ያኔ ነው። ሁለተኛ ጊዜም ሲምታታብኝ ትቼ ወደ ዓይኗ ብሌን ወረድኩ። ጥቁሩ ላይ መስኮቱ አለ፤ አራቱ መስታወቶች ከነመስቀለኛው እንጨታቸው ጎበጥ ብለው ተቀምጠዋል። ከመስኮቱ አጠገብ ቁመቷ ሠላሳ ነጥብ የማትሞላ ጨለም ያለች ነገር አለች። አጎላሁት፣ ሁለት መቶ በመቶ፣ አራት መቶ በመቶ። ክርኖቹ ወደ ውጭ የወጡ፣ አንገቱን የሰበቀ ሰው ነው። ፊት የለውም፤ በፊቱ ቦታ አራት ማዕዘን ጥቁር ሳጥን አለ። እማዬ ያን ሁሉ ሰዓት ስታየው የቆየችው ይህንን ነው።

ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ቀስ ብዬ ሳስበው፣ ከተነሱት ሁሉ የሚያምረው ሥራው ሳይጀመር ብርሃን ለመለካት ብዬ ያነሳሁት ነበር። ገና እያወራችኝ ነው፤ ጸጉሯን በአንድ እጇ እያስተካከለች፣ አፏ ግማሽ ተከፍቶ፣ እጇ በፍጥነቱ ምክንያት ደብዝዞ። ሳይሰረዝ የተረፈው ስለረሳሁት ነው።

በነጋታው እሱን አሳትሜ አመጣሁላት፤ መዳፍ የሚሞላ ትንሽ ወረቀት፣ 10 በ15 ሴንቲሜትር። በዚህ መጠን ከ61 ሚሊዮኑ ነጥብ የሚያስፈልገው 2 ሚሊዮን ገደማ ነው። እማዬ ወረቀቱን ተቀበለችና ክንዷን ዘርግታ ራቅ አድርጋ ያዘችው፤ አንገቷን ወደ አንድ ጎን አዘነበለች።

«መነጽርሽን ላምጣልሽ?» አልኳት።

«ተወው» አለችኝ፤ «እንዲህ ነው የማምረው።»