ንፋሱ ከጫማዬ ወደ መስታወቱ እስኪወጣ

ሐምሌ ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። ከኮተቤ ወደ መገናኛ እየመጣን ነው። ባለቤቴ ጋቢና፣ ልጄ ኋላ። ዝናቡ ይወርዳል፣ መስኮት ሁሉ ዝግ ነው። የእኛ ሰው መኪና ውስጥ መስኮት ገርበብ ካደረግክ «ብርድ ሊያስመታን ነው» መባሉ አይቀርም። የሦስታችን ትንፋሽ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ሄዶ ተለጠፈ። ፊት ለፊቴ ያለው ታክሲ መጀመሪያ ደበዘዘ፣ ከዚያ ጠፋ።

የንፋሱን ማዞሪያ ወደ መስታወቱ ምልክት አዞርኩት። ምንም። ወደ ፊት ምልክት መለስኩት። አሁንም ምንም። ንፋሱ መንፋቱን ይነፋል፤ የሚያሞቀው ግን የጫማዬን ክር ነው። ባለቤቴ በሶፍት እየወለወለችልኝ፣ እኔም አንገቴን አስግጌ በተወለወለችው ቀዳዳ እያጮለቅኩ መገናኛ ደረስን። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰዓት ዝም ነው ያለችኝ።

አዲስ አበባ ላይ ለመኪና ኤሲ ምን ያደርግለታል የሚል ሰው ብዙ ነው። ለሙቀቱ ከሆነ እውነቱን ነው፤ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለሚኖር ሰው መስኮት ከፈት ማድረግ ይበቃዋል። ክረምት ላይ ግን መስታወት የሚያጠራው ንፋስ ከዝናብ መጥረጊያው አይተናነስም። አንዱ ውጩን ይጠርጋል፣ ሌላው ውስጡን።

መኪናዋን ሰፈር ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ልጅ ማዞሪያዋን ሁለቴ አሽከረከራትና «ሙሉ መቆጣጠሪያው ይቀየራል፤ ዳሽቦርዱ መውረድ አለበት፤ ሁለት ቀን ትተዋታለህ» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ መኪናዋን ይዤ ተመለስኩ። ገንዘቡ ብቻም አይደለም የመለሰኝ። አንዴ ዳሽቦርዱ ወርዶ ከተመለሰ በኋላ ኮብልስቶን ላይ ሳይንጫጫ የቀረ አሮጌ መኪና እስካሁን አላጋጠመኝም።

ነገሩን የፈቱልኝ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ጋሼ። መኪናዋን እንኳ አላዩም። በረንዳቸው ላይ እንደተቀመጡ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «ማዞሪያው ይከብዳል ወይስ ይቀላል?»

«ቀሏል ጋሼ። እንደ መጫወቻ ነው የሚዞረው።»

«እንግዲያው ካቮው ለቋል። ቢከብድ ኖሮ በሩ ነው እልህ ነበር።»

ይኼን ሲሉኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ አፍሬ ግን አልነገርኳቸውም። ማዞሪያዋ ከመቅለሏ በፊት ለወራት ከብዳ ነበር። ሁለት እጅ እስኪያስፈልገኝ ድረስ እየታገልኩ ነበር የማዞራት። አንድ ቀን «ቋ» አለች፣ ከዚያ ቀለለች። እኔ እንደተሻላት ቆጥሬ ደስ ብሎኝ ነበር።

አሠራሩ ይኼ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን አለ። ንፋሱ በዚያ ያልፋል። ሳጥኑ ውስጥ ያሉ ትንንሽ በሮች ናቸው ንፋሱን ወደ መስታወት፣ ወደ ፊት ወይም ወደ እግር የሚመሩት። እንደኔዋ ባለ አሮጌ መኪና ማዞሪያውን ከበሮቹ ጋር የሚያገናኘው ልክ እንደ ብስክሌት ፍሬን ያለ፣ ሽፋን ውስጥ የሚሄድ የብረት ሽቦ ነው፤ ካቮ የሚባለው እሱ ነው። ሽፋኑ ጫፍና ጫፉ ላይ በትንሽ ፕላስቲክ ተቆንጥጦ ካልተያዘ፣ ማዞሪያውን ስታዞር ሽፋኑ ራሱ ወዲያ ወዲህ ይላል እንጂ በሩ አይነቃነቅም። አዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ይኼን ሥራ ትንሽ ሞተር ነው የሚሠራው፤ እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ጀመርኩ። ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ 10 ቁጥር ቺያቤ፣ ፒንሳ፣ የስልክ መብራት። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታሁ። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ባትሪው ከተፈታ በኋላ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ 90 ሰከንድ የሚሉ የጥገና መመሪያዎች አሉ። እኔ ገብቼ አንድ ሲኒ ቡና ጠጥቼ ነው የተመለስኩት። ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ነው፤ አትንኩት።

ከዚያ ትልቁን ስህተት ሠራሁ። ከላይ ጀመርኩ። በቴፑ ዙሪያ ያለውን ፕላስቲክ በካቻቢቴ ፈልቅቄ አወጣሁ፤ አንዱ መያዣ ተሰበረ፣ ጠርዙም ተጫረ። (ለዚህ የሚሻለው የድሮ የባንክ ካርድ ነው፤ አይቧጭርም።) ቴፑን ፈታሁ። ማዞሪያዎቹን ከነሰሌዳቸው ጎትቼ አወጣሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። እና ካቮው በላይኛው ጫፉ በኩል ምንም አልሆነም! እንደተወለደ ቁጭ ብሏል።

የተሰበረው ታች ነበር፤ ከነዳጅ መስጫው ፔዳል በላይ፣ በስተቀኝ። አንድም ቪቴ ሳልፈታ፣ ጎንበስ ብዬ መብራት ባበራ ኖሮ የማየው ቦታ።

እግሬን ወንበሩ ላይ ሰቅዬ፣ ጭንቅላቴን ፔዳሎቹ መሀል ቀብሬ ተንጋለልኩ። ልጄ ከላይ ሆና ማዞሪያዋን ታዞራለች።

«ወደ ፊት!»

«አዞርኩ አባዬ።»

«ወደ እግር!»

ያኔ አየሁት። የካቮው ጥቁር ሽፋን እንደ ትል ይሳባል፤ በሩን የሚያንቀሳቅሰው ነጭ ክንድ ግን ንቅንቅ አይልም። ሽፋኑን ቆንጥጣ ትይዝ የነበረችው የጥፍር ያህል ፕላስቲክ ተገንጥላለች። ስብርባሪዋን ከምንጣፉ ላይ ከሁለት የአንድ ብር ሳንቲምና ከልጄ የፀጉር መያዣ ጋር አገኘኋት። ጋራዡ ሁለት ቀን ያላት ይቺን ነው።

የመጀመሪያው ጥገናዬ ሱፐር ግሉ ነበር። ሁለት ቀን ቆየ። ይኼ ዓይነቱ ፕላስቲክ ያንሸራትታል፤ ማስቲሹ ላዩ ላይ ይደርቃል እንጂ አይነክሰውም። ጉልበት የሚያርፍበት ቦታ ላይማ ጭራሽ።

ሁለተኛው ነው የሠራው። ከተገነጠለችው አጠገብ ከሳጥኑ ወጣ ያለ ጠንካራ የፕላስቲክ ጆሮ ቀርቷል። ቀጭን ሚስማር ምድጃ ላይ አግዬ፣ በፒንሳ ይዤ፣ ጆሮው ላይ ሁለት ቀዳዳ አወጣሁ። ጆሮው ላይ ነው፤ ሳጥኑን ራሱን መብሳት አይገባም፣ ውስጡ የሂተሩና የኤሲው ራዲያተሮች አሉ። በቀዳዳዎቹ ለስላሳ ሽቦ አሳልፌ የካቮውን ሽፋን ጠፈርኩት። ሽቦው ሽፋኑን እንዳይበላው ከሥሩ ቁራጭ የብስክሌት ካላማዳሪ ጎማ ጠቀለልኩበት። የተረፈውን ሽቦ አሳጥሬ ቆረጥኩ፤ ፔዳል አካባቢ የተንጠለጠለ ነገር መተው እብደት ነው።

ልጄን ጠራሁ። መስታወት ላይ አዞረች፤ ንፋሱ እግር ላይ መጣ። ወደ እግር ልታዞር ስትል ማዞሪያዋ አልሄድ አለች። ሳቋን መቼም አልረሳውም። ለካስ ካቮውን ያሰርኩት ማዞሪያው አንድ ጥግ፣ ክንዱ ደግሞ ሌላ ጥግ ላይ እያለ ነው። ፈትቼ ማዞሪያዋን እስከ መጨረሻው መስታወት ላይ አስደረግኩ፤ የበሩንም ክንድ በጣቴ እስከ መጨረሻው ወደ መስታወቱ በኩል ገፋሁት፤ ሁለቱም እንደዚያ ቆመው እያለ ሽፋኑን ጠፈርኩ። አሁን ልክ ሆነ።

ግን የጋሼ ጥያቄ አለቀቀኝም። ለምን ከበደ መጀመሪያ? ክንዱን ከካቮው አላቅቄ በጣቴ ሳንቀሳቅሰው መሀል ላይ ይነክሳል። መጋጠሚያው ላይ የደረቀ ግራሶ ከአቧራ ጋር እንደ ጭቃ ተጋግሯል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠረግኩት። ከዚያ ከእግር መውጫው የባሕር ዛፍ ቅጠል ስብርባሪ ይረግፍ ጀመር። መኪናዬ የምታድረው ባሕር ዛፍ ሥር ነው። ቅጠሉ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር ባለው ወንፊት እየገባ ስንት ዓመት ሲጠራቀም እንደኖረ እንጃ። ኮፈኑን ከፍቼ ያንን ወንፊት ሳጸዳ ግማሽ ፌስታል ቅጠል ወጣ። መጋጠሚያው ላይ ሲሊኮን ስፕሬይ ረጨሁ። የሞተር ዘይት ማድረግ አቧራውን መልሶ መጥራት ነው። ክንዱ በአንድ ጣት ሄደ። ይኼን ሳልሠራ ብተወው ኖሮ ሽቦዬም በሦስት ወር ውስጥ ተበጥሶ «ቋ» ይል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዘነበ። ሂተሩን ለብ አድርጌ፣ ኤሲውንም አበራሁ። ኤሲ በክረምት ለምን ትሉኝ ይሆናል፤ እርጥበቱን ከአየሩ ላይ የሚያወጣው እሱ ነው፣ ሙቀት ብቻውን ይዘገያል። የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረውንም ቁልፍ አጠፋሁ፤ እሱ ከበራ የራስህን ትንፋሽ መልሶ መስታወቱ ላይ ነው የሚነፋብህ። ከታች በኩል ሁለት ቀዳዳ ጠራ፣ ሰፋ፣ ተገናኘ። ባለቤቴ ሶፍቱን እጇ ላይ ይዛ ስትጠብቅ ነበር። አጥፋ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

አሁን ማዞሪያዋ ከፊትና ከእግር መሀል ስትቆም ታፏጫለች። ጋሼ «ሽፋኑን ሩብ ጣት ወደ ላይ ሳበው» ብለውኛል። ለዚያ ደግሞ እንደገና ፔዳል ሥር መንጋለል አለብኝ። ክረምቱ እስኪወጣ ታፏጭ።