ምራቅ የሚተፋበት ጠርሙስ

ዛሬ የእህቴን ልጅ ከትምህርት ቤት ልወስደው ሄድኩ። እዚህ ቨርጂኒያ የነፃ ትግል ቡድን ውስጥ ነው። መኪና ውስጥ ማስቲካ እያኘከ ጠርሙስ ውስጥ ምራቁን ይተፋል።

«ምን ሆነሃል ማሙሽ?»

«ነገ ከውድድሩ በፊት ሚዛን አለ አጎቴ፣ ለምድቤ ትንሽ ኪሎ መቀነስ ይቀረኛል።»

እንዲያልበው ብሎ ከሹራቡ ሥር የቆሻሻ መጣያ ላስቲክ ለብሷል። ውሃ ብሰጠው የተሰነጣጠቀ ከንፈሩን ብቻ አርሶ መለሰልኝ። እናቱማ ምግብ ሲገፋ «ጾም ይዞልኝ» ብላ ደስ ብሏት ነበር።

የሚቀንሰው እኮ ስብ አይደለም፣ ውሃ ነው። ውሃ ሲያልቅ ደም ይወፍራል፣ ልብና ኩላሊት ይጨነቃሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. እዚሁ አሜሪካ ሦስት የኮሌጅ የትግል ተወዳዳሪዎች በአንድ ወር ገደማ ውስጥ እንዲህ ክብደት ሲቀንሱ ሞተዋል። በኮሌጅ ውድድር ሳውናና የላስቲክ ልብስ የተከለከለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ማታ ከእናቱ ጋር አሠልጣኙ ዘንድ ደውለን ከፍ ባለው የክብደት ምድብ እንዲጋጠም ጠየቅን። ልጁ አኩርፏል። ያኩርፍ!