ጎህ ሲቀድ ከቺካጎ ፎቆች ሥር

ቺካጎ የገባሁት ከመሸ ነው። ወንዙን ስሻገር ቀና ብዬ ቆምኩ። ዊሊስ ታወር 442 ሜትር ነው፤ ጫፉ ደመና ውስጥ ገብቶ መብራቱ ብቻ ይታያል። ብዙዎች የመጀመሪያው ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ የሚሉት፣ በ1885 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሆም ኢንሹራንስ ሕንፃም እዚሁ ከተማ ነበር፤ ያን ጊዜ ቁመቱ 10 ፎቅ ብቻ። በ1931 ፈርሷል። እኔን ያመጣኝ ግን የሕንፃዎቹ አናት ሳይሆን በየማለዳው ከሥራቸው የሚለቀመው ነገር ነው።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ መሀል ከተማ ተገኘሁ። ወድቀው የተገኙ ወፎችን ከሚያነሱ በጎ ፈቃደኞች ጋር አብሬ ለመዞር አስቀድሜ ተነጋግሬ ነበር። የመሩኝ እናት በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው መረብ፣ በሌላው የወረቀት ከረጢቶች ይዘዋል። ጥቅምት መጀመሪያ ነው፤ ተሰዳጅ ወፎች የሚቺጋን ሐይቅን ዳር ይዘው ወደ ደቡብ የሚወርዱበት ጊዜ። ትናንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዙት ሌሊት ነው። የከተማው ብርሃን ስቦ ከመንገዳቸው ያወጣቸዋል። ሲነጋ ደክሟቸው ሊያርፉ ዝቅ ሲሉ ደግሞ መስታወቱ ላይ የሚታየው ዛፍ እውነተኛ ይመስላቸዋል።

የመጀመሪያዋ አንገቷ ሥር ነጭ የሆነች ድንቢጥ ነበረች። ግድግዳው ጥግ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ተከፍቷል፣ ግን አትንቀሳቀስም። ሴትዮዋ በመረብ ሸፍነው አነሷትና ከረጢት ውስጥ አስገቧት፣ ላዩ ላይ ሰዓቱንና ቦታውን ጻፉ። «ጨለማው ያረጋጋታል» አሉኝ። ሁለተኛዋ ሞታ ነበር። መዳፌ ላይ ሲያኖሯት ሙቀቷ ገና አልወጣም፤ ክብደቷ ግን ከምንም አይቆጠርም። ያን ጠዋት ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራሁም።

የሞቱትም አይጣሉም፤ ወደ ፊልድ ሙዚየም ይሄዳሉ። የሙዚየሙ ባለሙያ ዴቪድ ዊላርድ ከ1978 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ወፎችን ሲሰበስቡና ሲለኩ ኖረዋል። በ2019 የወጣ ጥናት ከ52 ዝርያዎች የተገኙ 70,716 ወፎችን መዝኖ፣ ዓለም እየሞቀች በሄደች መጠን የወፎቹ አካል እያነሰ፣ ክንፋቸው ደግሞ በጥቂቱ እየረዘመ መምጣቱን አሳየ። መስታወት የገደላቸው ወፎች ስለ አየር ንብረት ለውጥ ምስክር ሆኑ ማለት ነው። ይህን ሳስብ ሐዘንም አድናቆትም አንድ ላይ ይይዘኛል።

ረፋድ ላይ አኳ የተባለው 82 ፎቅ ሕንፃ ጋ ደረስኩ። እንደ ማዕበል የሚታጠፉት በረንዳዎቹ ለውበት ብቻ አልተሠሩም። ነፋስ ልሙጥ ግንብ ሲመታ ግድግዳውን ይዞ ወደ ታች ይወርዳል፣ መንገዱ ላይ ያለውን እግረኛም ይገፋል፤ በረንዳዎቹ ኃይሉን ይሰብሩታል። ለወፍም ፊቱ ባዶ መስታወት እንዳልሆነ ይነግሯታል። ጎረቤቶቹ ግን ከላይ እስከ ታች መስታወት ናቸው። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የብሪታንያ ቢሮዎችን አጥንተው፣ 20 እና ከዚያ በላይ ፎቅ ያላቸው በካሬ ሜትር የሚወስዱት ኤሌክትሪክ ከ6 ፎቅ ያልበለጡት ከሚወስዱት ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ መሆኑን አግኝተዋል። ከሌሎች በላይ ብቻውን የቆመ ሕንፃ ፀሐዩንም ነፋሱንም ብቻውን ይቀበላል። ለኮንክሪቱና ለብረቱ የወጣው ካርቦን ደግሞ ሰው ሳይገባበት አየሩ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ጤነኛ ሕንፃ አፍርሶ ሌላ መሥራት ለእኔ ትልቁ ጥፋት ነው።

ከሰዓት በኋላ በሐይቁ ዳር ወደ ደቡብ ተጓዝኩ፤ ወደ ማኮርሚክ ፕሌስ። ኦክቶበር 5 ቀን 2023 ከዚህ አንድ የጉባኤ ሕንፃ ሥር ብቻ አንድ ሺህ የሚጠጉ ወፎች ሞተው ተለቅመዋል። ሳየው ደነገጥኩ፤ ሕንፃው ዝቅ ያለና ሰፊ ነው። እኔ ቁመትን ስወቅስ ነበር የመጣሁት። ለካ በአሜሪካ ከሕንፃ ጋር ተጋጭተው በየዓመቱ ይሞታሉ ተብለው ከሚገመቱት ከ365 እስከ 988 ሚሊዮን ወፎች ውስጥ የረጃጅም ፎቆች ድርሻ ከመቶ አንድ አይሞላም። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ረጅሙ ይብሳል፤ ዝቅ ያሉት ግን በቁጥር እጅግ ይበዛሉ። ገዳዩ መስታወቱና ሌሊት ሳይጠፋ የሚያድረው መብራት ነው። ሁለቱም ደግሞ በሰው እጅ ናቸው።

በ2024 የዚህ ሕንፃ መስታወት ተቀራርበው በተደረደሩ ትናንሽ ነጥቦች ተሸፈነ። የሚሞቱት ወፎች ቁጥር በ95 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ጠጋ ብዬ ጣቴን በነጥቦቹ መካከል አሳለፍኩ። ወደ ኋላ ስመለስ ዛፎቹ አሁንም መስታወቱ ላይ ይታያሉ፣ ነጥቦቹ ግን ሥዕሉን በታትነውታል። አንዲት ትንሽ ወፍ ከቁጥቋጦው ተነስታ ቀጥ ብላ መጣች፤ ትንፋሼን ያዝኩ። ሁለት ክንድ ያህል ሲቀራት ወደ ሐይቁ ታጠፈች።

እስኪመሽ እዚያው ዞርኩ። ከግድግዳው ሥር ያገኘሁት የረገፈ ቅጠል ብቻ ነው።