ቀጥ ያለው መስመር

ሰሞኑን ማታ ማታ የማመሸው ከድሮ የምንዛሪ ተመን ጋር ነው። የእንግሊዝ ፓውንድና የአሜሪካ ዶላር። ከመቶ ዓመት በላይ ያለውን ቁጥር ሰንጠረዥ ላይ ሞልቼ ግራፍ አወጣሁለት (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ ዓይኔ የሄደው ፓውንዱ ቁልቁል የወረደባቸው ቦታዎች ላይ ነው፤ 1931፣ 1949፣ 1967። ሰውም የሚያወራው ስለነዚህ ነው። ደጋግሜ ሳየው ግን ልቤን የያዘው ሌላ ሆነ። መስመሩ ምንም ሳይንቀሳቀስ፣ ቀጥ ብሎ ለዓመታት የሚሄድበት ቦታ።

ግራፍ ላይ ሲታይ ሰላም ይመስላል። ሁልጊዜ ግን ሰላም አይደለም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት 1 ፓውንድ 4.8665 ዶላር ነበር። ይህ ማንም ተቀምጦ የተደራደረበት ዋጋ አይደለም። የሁለቱም ገንዘብ የወርቅ መጠን በሕግ የተወሰነ ስለነበር፣ በፓውንዱ ልክ ያለውን ወርቅ በዶላሩ ልክ ላለው ስታካፍለው የሚወጣው ቁጥር ነው። ተመኑ ከዚህ ራቅ ካለ ነጋዴው ምንዛሪውን ትቶ ወርቁን ራሱን በመርከብ ይልካል፤ የሚያዋጣው እሱ ነዋ። ስለዚህ መስመሩ ከማጓጓዣና ከኢንሹራንስ ወጪ በላይ ብዙ አይርቅም። (የምንዛሪ ነጋዴዎች ዛሬም ይህን ተመን «ኬብል» ይሉታል። በ1866 አትላንቲክ ውቅያኖስ ስር ከተዘረጋው የቴሌግራፍ መስመር የመጣ ስም ነው፤ በለንደንና በኒውዮርክ መካከል ዋጋው የሚመላለሰው በዚያ ነበር።)

ከ1916 መጀመሪያ እስከ ማርች 1919 ያለውም መስመር ቀጥ ያለ ነው። 4.76። በዓይን ካየኸው ከበፊቱ ጋር አንድ ነው። የያዘው ነገር ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። እንግሊዝ ለጦርነቱ ጥይትና ስንዴ ከአሜሪካ ትገዛለች፣ የምትከፍለው በዶላር ነው፣ ኒውዮርክ ላይ ፓውንድ የሚሸጥ እንጂ የሚገዛ ጠፋ። ስለዚህ ጄ.ፒ. ሞርጋን የተባለው ባንክ በእንግሊዝ መንግሥት ስም የመጣውን ፓውንድ ሁሉ በ4.76 ይገዛ ጀመር። በምን ዶላር? ከአሜሪካ በተበደሩት፣ ወርቅ በመላክና እንግሊዛውያን የነበራቸውን የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን በመሸጥ በተገኘው። ድጋፉ በማርች 1919 ቆመ። ዓመት ሳይሞላው፣ በ1920 መጀመሪያ፣ ፓውንዱ 3.20 አካባቢ ነበር።

እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ከ4.76 እስከ 3.20 ያለው ልዩነት እዚያች ቀጥ ያለች መስመር ውስጥ ለሦስት ዓመት ተደብቆ ከርሟል፣ ግራፉ ግን ምንም አይናገርም።

በ1925 የገንዘብ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል ፓውንዱን እንደገና ከወርቅ ጋር አስረው ወደ ድሮው 4.86 መለሱት። የኢኮኖሚ ሊቁ ኬይንስ ፓውንዱ 10 በመቶ ያህል ተወዷል ብሎ በጽሑፍ ተሟገተ። እኔ ከኬይንስ ጋር ነኝ፤ ዋጋው የተመለሰው ለክብር ሲባል ነው፣ ዕዳውን የከፈለው ደግሞ ምርቱ ውጭ ገበያ ላይ የተወደደበት የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነው፤ ደሞዙ ተቀነሰ። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1931 እንግሊዝ ፓውንዱን ከወርቅ ጋር ማሰሩን ተወች።

1949 ላይ ግን የተሳሳትኩት እኔው ነኝ። ሰንጠረዤን የሞላሁት በዓመታዊ አማካይ ነበር፣ ለዚያ ዓመት የወጣው ቁጥር 3.68 ገደማ ነው። እውነቱ ምንድን ነው? እስከ ሴፕቴምበር 18 ድረስ መንግሥት የወሰነው የፓውንዱ ዋጋ 4.03 ነበር፣ ከዚያ ወዲያ 2.80 ሆነ። በ3.68 በይፋ የተመነዘረ አንድም ፓውንድ የለም! የድሮ ተመን የምትፈልጉ ሰዎች አማካይ ይሁን የቀኑ መዝጊያ ሳታዩ ቁጥር አትቅዱ።

መቶኛውም ያወዛግባል። ከ4.03 ወደ 2.80 ሲወርድ ፓውንዱ 30.5 በመቶ አጣ። ከሌላው ወገን እየው እስቲ፤ 1,000 ዶላር የሚያወጣ ማሽን የሚያስመጣ ሰው ዓርብ ዕለት 248 ፓውንድ ይበቃው ነበር፣ በአዲሱ ተመን 357 ይፈልጋል። ለሱ ዶላሩ 44 በመቶ ተወደደ። ሁለቱም ቁጥር ልክ ነው፤ ጋዜጣ ላይ አንዱ ብቻ ሲጻፍ ግን ሰው ይሳሳታል።

በኖቬምበር 1967 ደግሞ ከ2.80 ወደ 2.40። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ዊልሰን ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ፓውንድ ዋጋው አልወረደም አሉ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ሊወደድ እየተዘጋጀ! ይህን ሳነብ አሁንም እናደዳለሁ።

ጁን 1972 ላይ ፓውንዱ ዋጋውን ገበያ እንዲወስነው ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ተራራና ሸለቆ ነው፤ በፌብሩዋሪ 1985 ወደ 1.05 ወርዶ፣ በኖቬምበር 2007 ከ2.10 አልፎ፣ ሴፕቴምበር 26 ቀን 2022 ደግሞ መንግሥት በብድር የሚሸፈን ትልቅ የግብር ቅነሳ ባስታወቀ በሦስተኛው ቀን ወደ 1.03 ተንደረደረ። ያስፈራል፣ ግን ቢያንስ በዕለቱ ይታያል።

ግራፉን አሁን እንደ አዲስ እየሳልኩት ነው፣ በየቀኑ ተመን። ቀጥ ያሉትን ቦታዎች በቀለም ለየኋቸው፦ ወርቅ የያዘውን ቢጫ፣ ብድር የያዘውን ቀይ፣ የመንግሥት ቃል የያዘውን ሰማያዊ። 1940ዎቹ ላይ ቀይና ሰማያዊው ተደራርበውብኛል፣ እስካሁን አልለየሁትም።