የአባዬን ታክስ በራሴ ስም

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ዲሲ ያለን ልጆች የወላጆቻችንን ወረቀት የምንጨርስበት መንገድ ይታወቃል። ፓስዎርዱ እኛ ጋ ነው። ስልክ ሲነሳ «አዎ፣ ራሴ ነኝ» እንላለን። የልደት ቀን፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ አድራሻ ሲጠየቅ ሳንደናቀፍ እናወርደዋለን። ለመብራት ሒሳቡም ለኢንሹራንሱም ለሐኪም ቀጠሮውም ይሄ ለዓመታት ሲያገለግል ኖሯል። ለታክስ ግን አያዋጣም፤ ያዋጣል ቢባል እንኳ መደረግ የለበትም ባይ ነኝ። አባዬ ስትሮክ ከመታው ወዲህ የታክስ ጉዳዩን ኦንላይን የምከታተለው እኔ ነኝ። የምገባው ግን በራሴ ስም፣ በራሴ አካውንት፣ እሱ ፈርሞ በሰጠኝ ውክልና ነው። ከቅዳሴ በኋላም ለቅሶ ቤትም «እንዴት አደረግሽው?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

አባዬ ዲሲ መሀል ከተማ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ዕድሜውን ጨርሶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ስትሮኩ ቀኝ እጁን አደከመው እንጂ አእምሮውን አልነካውም፤ የየወሩን ሒሳብ እስከ ሳንቲሟ ያውቃታል። አይ አር ኤስ፣ ማለትም የአሜሪካ የፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት፣ ሲፒ 2000 የሚባለውን ደብዳቤ የላከለት በዚህ መሀል ነው። ደብዳቤው በ2023 ከጡረታ ቁጠባህ 31,000 ዶላር አውጥተህ አላስታወቅህም፣ ስለዚህ ከነወለዱ ከ3,000 ዶላር በላይ ትከፍላለህ ይላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። አባዬ ገንዘቡን ከአንድ ባንክ የጡረታ ቁጠባ አውጥቶ በሌላ ባንክ የጡረታ ቁጠባ ውስጥ አስገባው። ሕጉ ለዚህ 60 ቀን ይሰጣል፤ እሱ ሳምንትም አልፈጀበትም። ታክስ የሠራለት ሰው ግን ዝውውሩን ፎርሙ ላይ ጭራሽ ሳያነሳው ቀረ። ለአይ አር ኤስ የታየው መውጣቱ ብቻ ነው። ያልገባ ገቢ እንደ ገቢ ስለተቆጠረበት ደግሞ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታው ከፊሉ ታክስ የሚከፈልበት ሆነ። ዕዳው ያበጠው ለዚህ ነው።

ሲፒ 2000 የክፍያ ቢል አይደለም። «በእጃችን ካለው መረጃ ጋር አልተስማማም፤ ምን ትላለህ?» የሚል ሐሳብ ነው። አልስማማም ብሎ ማስረጃ ማቅረብ ይቻላል። ይህን የምለው ብዙ እናትና አባት ደብዳቤው እንደደረሳቸው ቼክ ጽፈው እንደሚልኩ ስለማውቅ ነው። የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ያስፈራቸዋል፤ ክርክር ውስጥ ከመግባት መክፈልን ይመርጣሉ። እባካችሁ ደብዳቤው ሳይነበብ ገንዘብ አይሂድ።

መልስ መስጫው ቀን ቅርብ ስለነበር መጀመሪያ የተደወለው በአባዬ ስልክ፣ በአባዬ አንደበት ነው። ስፒከር ላይ አድርገነው ስሙንና ልደቱን ራሱ ተናገረ፤ ከዚያ «ልጄ ታነጋግርልኝ» አለ። እንዲህ ያለው የቃል ፈቃድ ለዚያች ጥሪ ይሠራል፤ ስልኩ ሲዘጋ ያበቃል። እንግሊዝኛው ለሚያስቸግረው ሰው አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። በዚያ ጥሪ ተጨማሪ ጊዜ አገኘን። ከዚያ ወዲህ ላለው ግን ወረቀት ያስፈልጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ላይ ነው። አባዬ ሜሪላንድ ውስጥ ያሠራው አጠቃላይ ውክልና ነበረው። ኖተሪ ፊት የተፈረመ፣ ምስክር ያለበት፣ ባንክ የሚቀበለው። አይ አር ኤስ ግን የራሱን ፎርም ይፈልጋል፤ ፎርም 2848 ይባላል። የክልሉ ውክልና ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ወላጅ መፈረም ካቃተው ወይም አእምሮው ከደከመ፣ ያ ውክልና የታክስ ጉዳይን የሚጨምር ከሆነ፣ ተወካዩ በእሱ ስም 2848ን ሞልቶ መፈረም ይችላል። ያም ከሌለ ግን ቀሪው መንገድ ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚትነት መጠየቅ ነው፤ ጊዜውም ወጪውም ሌላ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም፣ እጁ መፈረም፣ ልቡም ማስተዋል በሚችልበት ጊዜ ማሠራት ይሻላል። ሜሪላንድ ለክልሉ ታክስ የራሷ የውክልና ፎርም አላት፤ ቁጥሩ 548 ነው።

2848ን የሚሞላው የሂሳብ ባለሙያ ወይም ጠበቃ ብቻ ነው የሚል ወሬ አለ። ትክክል አይደለም። ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ወንድም፣ እህት፣ አያት፣ የልጅ ልጅ መወከል ይችላሉ፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ «ኤፍ» በሚለው ፊደል የቤተሰብ አባል መሆንን መጻፍ ይበቃል። የአክስት ልጅና የክርስትና ልጅ ግን በዚህ መስመር አይገቡም። ባልና ሚስት ታክስ አብረው ቢያቀርቡም ውክልናው ለየብቻ ነው፤ አባት ፈርሞ እናት ካልፈረመች የእሷ ጉዳይ ክፍት ይቀራል።

ሦስተኛው መስመር ላይ የታክሱ ዓይነት፣ የፎርሙ ቁጥርና ዓመቶቹ ተለይተው መጻፍ አለባቸው። «ሁሉም ዓመታት» ብሎ የተጻፈ ተመልሶ ይመጣል። እኔ የጻፍኩት የገቢ ታክስ፣ 1040 (ዓመታዊው የገቢ ታክስ ማስታወቂያ ፎርም)፣ ከ2023 እስከ 2028 ነው። ፎርሙን በ2025 ስላቀረብነው ወደፊት የሚፈቀደው እስከ 2028 ነው፤ ማለትም አይ አር ኤስ ከተቀበለበት ዓመት መጨረሻ ሦስት ዓመት። የደብዳቤዎቹ ቅጂ ለእኔም እንዲላክ የምትጠይቀውን ሳጥን ምልክት አደረግሁባት። ከሁሉም የጠቀመችኝ ያቺ ሳጥን ናት፤ አሁን ፖስታ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ ቀኑ አያልፍም።

ዓመታዊውን የታክስ ማስታወቂያ ራሱን በወላጅ ፈንታ መፈረም ግን ለብቻው የሚጻፍ ሥልጣን ነው፤ 5ኤ መስመር ላይ ምክንያቱ ተገልጾ ይጻፋል፣ ምክንያቱም በሕመም ወይም በጉዳት መፈረም አለመቻልን የመሰለ መሆን አለበት። አባዬ መፈረም ስለሚችል ያንን አላስገባሁትም። መፈረም የሚችልን ሰው ፊርማ መውሰድ አያስፈልግም።

ፎርሙን አትሜ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ታክሱ አይደለም።

«ይሄ መሸጥ መለወጥ አለበት?» አለኝ።

ገባኝ። በእኛ ሰው ዘንድ ውክልና ሲባል ትዝ የሚለው ያለባለቤቱ የተሸጠ ቤት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2205 መሠረት አገር ቤትም ቢሆን በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና መሸጥን አይፈቅድም፤ ለይቶ መጻፍ አለበት። አባዬ ቁጥሩን ባያውቀውም ነገሩን ያውቀዋል። መስመር በመስመር በአማርኛ እየገለበጥኩ አነበብኩለት። ቤት የለበትም፣ መሬት የለበትም፣ የባንክ ሒሳብ የለበትም። ተመላሽ ገንዘብ ቢመጣ ቼኩን ተወካዩ መፈረምም ሆነ ወደ ራሱ ሒሳብ ማስገባት እንደማይችል ፎርሙ ራሱ ይናገራል። ይቺን ሲሰማ መነጽሩን አስተካከለ፤ በግራ እጁ ወረቀቱን ጫን አድርጎ፣ በቀኙ ቀስ እያለ በአማርኛ ፈረመ። ፊርማው እንደ ድሮው አይወርድም፤ መሀሉ ላይ እስክሪብቶው ቆመና እንደገና ጀመረ። ቀኑን እኔ ልጻፍልህ ስለው «ተዪው፣ እኔው እጽፈዋለሁ» አለ። እኔም ከሥሩ ፈረምኩ። ወላጅ አስቀድሞ ከፈረመ ተወካዩ በ45 ቀን ውስጥ መፈረም ይጠበቅበታል።

ማስገቢያው ኦንላይን ነው። እኔ በራሴ የአይ ዲ ዶት ሚ (ማንነት የሚያረጋግጠው ድረ ገጽ) አካውንት ገባሁ፤ መታወቂያዬን ፎቶ አነሳሁ፣ ፊቴን ለካሜራው አሳየሁ፣ የተፈረመውን ፎርም ጫንኩ። የአባዬን አካውንት ከፍቶ ገብቶ የሚሠራ ልጅ የሚቸገረው እዚህ ነው። ካሜራው የሚፈልገው የአባትየውን ፊት ነው። አባትየውን ካሜራ ፊት አስቀምጦ በስሙ መክፈት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚገባው እሱ ሳይሆን ሌላ ሰው ከሆነ በሰው ማንነት መጠቀም ነው፣ ነገ ጥያቄ ቢነሳ ልጅም አባትም መልስ የላቸውም። ተፈርሞ የቀረበ ፎርም ግን ማን ምን እንደፈቀደ ይናገራል። አንድ ነገር ልጨምር፦ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ የሚቀበሉት ኦንላይን ሲቀርብ ብቻ ነው፤ በፋክስ ወይም በፖስታ ከሆነ በእስክሪብቶ የተፈረመ መሆን አለበት።

ኦንላይን ገባ ማለት ያኔውኑ ተመዘገበ ማለት አይደለም። ፎርሞቹን በቅደም ተከተላቸው ሰው ነው የሚያያቸው፤ ሳምንታት ይወስዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወክል ሰው የተወካይ ቁጥር በሚጠየቅበት ቦታ «የለም» ብሎ ይጽፋል፣ ቁጥሩ በፖስታ ይመጣለታል። የእኔ ሲመጣ ደውዬ በራሴ ስም ተናገርኩ። «የአቶ እገሌ ልጅና ተወካይ ነኝ» ማለት ምን ያህል እፎይ እንደሚያሰኝ የማውቀው እኔ ነኝ። የአባዬን የገቢ መዝገብ ጠየቅሁ፤ አዲሱ ባንክ ለአይ አር ኤስ የላከው ፎርም 5498 እዚያው ላይ ነበር፣ በሁለተኛው ሣጥን ሙሉው 31,000 ዶላር በዝውውር መግባቱ ተጽፏል። ሁለቱንም የባንክ መግለጫ ቀኖቹን አስምሬ፣ አጭር ደብዳቤ ጽፌ፣ አልስማማም የሚለውን ምልክት አድርጌ በሰነድ መጫኛው ገጽ ላክሁት። ከጊዜ በኋላ ሲፒ 2005 መጣ፤ የላካችሁትን ተቀብለናል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል የሚል። አባዬ ሁለት ጊዜ እንዳነብለት አደረገኝ።

ይሄ ውክልና የማይደርስበትን ቦታም ማወቅ ይገባል። ሶሻል ሴኩሪቲ ውክልና የሚባል ነገር አይቀበልም፤ 2848ንም፣ የክልሉንም። ሰውየው የጡረታ ገንዘቡን ማስተዳደር ሲያቅተው ራሱ መሥሪያ ቤቱ ገንዘቡን የሚቀበልለት ሰው ይሾማል። ማን እንዲሆን እንደሚፈልግ ግን ጤነኛ ሳለ እስከ ሦስት ሰው ስም አስቀድሞ ማስመዝገብ ይችላል። አባዬ እኔንና ወንድሜን አስመዝግቧል።

ሌላው የአገር ቤቱ ነው፤ ብዙዎቻችንን የሚመለከት ስለሆነ እዚህ ላይ ዘርዘር ላድርገው። አባዬ አዲስ አበባ፣ ሳሪስ፣ የሚከራይ ቤት አለው፣ ውክልናው አክስቴ ጋ ነው። የአሜሪካ ዜጋ ገቢው ከየትም ይምጣ ማስታወቅ አለበት፤ የሳሪስ ኪራይም 1040 ላይ ይገባል። ሁለቱ አገሮች የገቢ ታክስ ስምምነት የላቸውም፤ ግን እዚያ የተከፈለው የኪራይ ግብር በፎርም 1116 ከአሜሪካው ታክስ ላይ ይታሰባል። ለዚህ ደረሰኙ ያስፈልጋል፤ አክስቴ ግብሩን በከፈለች ቁጥር ደረሰኙን ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልኛለች። ብሩ የሚቀመጥበት የባንክ ሒሳብ ደግሞ ኤፍባር በሚባለው ሪፖርት ይታያል፦ በውጭ አገር ያሉት ሒሳቦች ተደምረው በዓመቱ ውስጥ በየትኛውም ቀን ከ10,000 ዶላር ካለፉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ድሮ ከመስመሩ በላይ የነበረ ሒሳብ ከመስመሩ በታች ሊወርድ ይችላል፤ በየዓመቱ እንደገና ማስላት ነው። ኤፍባር ከ1040 ጋር አይላክም፣ የሚገባውም በሌላ ድረ ገጽ ነው። ሌላ ሰው እንዲያስገባለት የሚፈልግ ፎርም 114ኤ ፈርሞ ይሰጠዋል፤ ፎርሙ አይላክም፣ ቤት ይቀመጣል።

እዚህ አሜሪካ ሆናችሁ የእናታችሁን የንግድ ባንክ ወይም የአዋሽ ሒሳብ በውክልና የምታንቀሳቅሱ ደግሞ ይቺን ልብ በሉ፦ ገንዘቡ የእናንተ ባይሆንም ባንኩን የማዘዝ ሥልጣን ካላችሁ፣ መጠኑ ካለፈ፣ ኤፍባር በእናንተም ስም ይገባል። አክስቴ ውክልናውን ለእኔ ልታዞር ስትል አባዬንና እሷን በስልክ አገናኝቼ ባለበት ይቆይ ያልኩት ለዚህ ነው።

ለዚህ ዓመት የቀረኝ ወንድሜን ማስገባት ነው። በአንድ 2848 ላይ ከአንድ በላይ ተወካይ መጻፍ ይቻላል፤ አዲስ ፎርም ለዚያው ጉዳይ ሲገባ ግን የቀድሞውን ይሽረዋል፣ እንዳይሽረው ከተፈለገ ስድስተኛው መስመር ላይ ምልክት ተደርጎ የቀድሞው ቅጂ ይያያዛል። እኛ ሁለታችንንም አንድ ፎርም ላይ እንጽፋለን። ወንድሜ ከአትላንታ ለፋሲካ ሲመጣ አባዬ ይፈርማል፤ ቀኑን ራሱ ይጽፋል።